ካሜራው ሲያረጅ ሌንሱ ለምን ይሸጣል?

በዚህ ሳምንት የምንነጋገርበት ነገር በብዙ ቤት ውስጥ ጥያቄ ሆኖ የቆየ ነው። ይኸውም ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተገዛ የፎቶግራፍ ማንሻ ካሜራ ሲደክም፣ ከእርሱ ጋራ ቀስ በቀስ የተሰበሰቡት ሌንሶች ምን ይደረጉ የሚል ነው። ወደ ሱቅ ሄዶ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ጊዜው ያለፈበት ስለ ሆነ ሁሉንም ሽጠው አዲስ ይግዙ» ይባላል። ይህ ምክር ለሻጩ መልካም ምክር መሆኑን አንክድም።

በቅሎው ያረጀበት ሰው ኮርቻውን አብሮ አይጥልም። ኮርቻው በጥሩ ባለ እጅ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ለሚቀጥለው በቅሎ ይጫናል፤ ከዚያም ለልጅ ይተላለፋል። ብቻ አንድ ነገር አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ኮርቻው በአዲሱ በቅሎ ጀርባ ላይ ይቀመጣልን ወይስ ይጎረብጠዋል? የካሜራም ነገር ይኸው ነው። ዛሬ የምንጽፈውም ይህን ለመመርመር የሚረዳውን ነው።

ጽሕፈታችንን ያነሣሣው ስማቸውን እንዳንገልጽ የለመኑን አንዲት ወይዘሮ የላኩልን ደብዳቤ ነው። ባለቤታቸው ኒኮን ዲ90 የተባለ ካሜራ አላቸው፤ ይህ ካሜራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓመት የወጣ ነው። ከእርሱ ጋራ ሦስት ሌንስ አለ። አንዱ አብሮት የተሸጠው ከ18 እስከ 105 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ነው። ሁለተኛው ትንሹ የ50 ሚሊሜትር «ኤኤፍ ዲ» የሚባለው ነው። ሦስተኛው የወይዘሮዋ አባት ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገዝተው ልጆቻቸውን ሁሉ ሲያነሡበት የኖሩት የ105 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። የአባታቸው ካሜራ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ሌንሱ ግን በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። አሁን ባለቤታቸው ሦስቱንም የሚገዛ ሰው አግኝተው፣ በዋጋው ላይ ጨምረው አዲስ ካሜራ ከነሌንሱ ሊገዙ አስበዋል። ወይዘሮዋ «የአባቴን ዐይን ልንሸጠው ነው» ይሉናል። የልጅ ልጃቸው ክርስትና በታኅሣሥ ስለ ሆነ፣ ገዢውም መልስ ስለሚጠብቅ፣ ነገሩ ችኮላ የያዘ ነው። ስለዚህ መልሳችን ለእርሳቸውም ለባለቤታቸውም የሚሆን፣ እንደነርሱ ያለ አሳብ ለያዘውም ሁሉ የሚጠቅም እንዲሆን አድርገን ጽፈነዋል።

በመጀመሪያ ስለ እርጅና እንናገር። ካሜራና ሌንስ እኩል አያረጁም። ባለ እጆች «ቦዲ» ብለው የሚጠሩት የካሜራው አካል ብርሃኑን የሚቀበለውን ሴንሰር፣ አሳቡን የሚሠራለትን ኤሌክትሮኒክ፣ ሻተር የሚባለውን መዝጊያና ባትሪውን ይዟል። መዝጊያው በዕድሜ ሳይሆን በምት ያልቃል፤ የዲ90 መዝጊያ ለ100,000 ምት የተፈተነ ነው፤ በ2017 የወጣው ዲ850 ለ200,000 ነው። ሴንሰሩ ባይበላሽም፣ ከእርሱ በኋላ የወጡት ይበልጡታል። ሌንስ ግን ዋናው መስተዋትና ብረት ነው። በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ የዛሬ አርባ ዓመት ያሳየውን ዛሬም ያሳያል። በውስጡ ሞተር ያለበት አዲስ ዓይነት ሌንስ ግን ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለም፤ ሞተሩ ሲደክም ይጮኻል፣ ኋላም ይቆማል። እንዲያውም በእኛ አስተያየት ሞተር ያለበት ሌንስ ግማሹ ቦዲ ነው።

እንግዲህ ኮርቻው ከበቅሎው ጋራ ስለሚገናኝበት ቦታ እንምጣ። ሌንሱ ከካሜራው ጋራ የሚያያዝበት የብረት ቀለበት መግጠሚያ ይባላል። የኒኮን ኩባንያ «ኤፍ» የተባለውን መግጠሚያ ያወጣው በ1959 ነው፤ ከዚያም ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ቅርጹን ሳይለውጥ ይዞታል። ካኖን በተቃራኒው በ1987 አሮጌውን መግጠሚያ ትቶ «ኢኤፍ» የተባለ አዲስ አወጣ፤ በዚያን ጊዜ የድሮ ሌንስ የነበራቸው ሰዎች አዝነው ነበር። የካኖን አሳብ ግን ሞኝነት አልነበረም፤ መግጠሚያውን ሰፊ አድርጎ፣ ካሜራውና ሌንሱ በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲነጋገሩ፣ ሞተሩም በሌንሱ ውስጥ እንዲሆን ቈርጦ ነበር። ኒኮን ወዳጆቹን ላለማስቀየም ቅርጹን ጠብቆ፣ በውስጡ ግን ዘንጉንና ሞተሩን፣ መንገሩንና ማንበቡን በየጊዜው እየጨመረና እየቀነሰ ሄደ። ከዚህም የተነሣ የካኖን ሰው «ይገባል ወይስ አይገባም» ብሎ ብቻ ሲጠይቅ፣ የኒኮን ሰው ግን «ይገባል፤ ከገባ በኋላስ ምን ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ችግሩም ሁሉ በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የወይዘሮዋን ሦስት ሌንሶች እንደ ምሳሌ ብንወስድ ነገሩ ይገለጣል። የ50ው «ዲ» ሌንስ በውስጡ ሞተር የለውም። ሥዕሉን በራሱ የሚያጠራው ከካሜራው ውስጥ ወጥቶ እንደ ዊንጥ ማዞሪያ የሚያዞረው ዘንግ ሲኖር ነው። ዲ90 ይህ ዘንግ አለው፤ ከእርሱ በታች ያሉት ባለ 3000ና ባለ 5000 ቁጥር ተራ ካሜራዎች ግን የላቸውም። የአባትየው የ105 ሌንስ ደግሞ በራሱ ከቶ አያጠራም፤ ባለቤቱ ቀለበቱን በእጁ ያዞራል። ብርሃን ለመለካትም ካሜራው የቀለበቱን ቦታ የሚያነብበት ትንሽ ብረት በመግጠሚያው ዙሪያ ያሻዋል፤ ይህም ሥርዓት በ1977 የተጀመረና «ኤአይ» የተባለ ነው። ዲ90 ይህ ብረት ስለሌለው ሌንሱን ሲጭኑበት ብርሃን መለኪያው ዲዳ ይሆናል፤ አንሺው ብርሃኑን በግምት መወሰን አለበት። የወይዘሮዋ ባለቤት «ይህ ሌንስ አይረባም» ያሉት ምናልባት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ጥፋቱ ግን የሌንሱ አልነበረም።

ስለዚህ ሌንስ ትንሽ እንድንጨምር ይፈቀድልን። የ105 ሚሊሜትር፣ ብርሃን መግቢያው 2.5 የሆነው የኒኮን ሌንስ የሰው ፊት ለማንሣት ከታወቁት አንዱ ነው። ስቲቭ ማከሪ የተባለው አሜሪካዊ በ1984 በፓኪስታን የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ያነሣት፣ በሰኔ 1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው ዐይነ አረንጓዴ የአፍጋኒስታን ልጅ የተነሣችው በዚሁ ዓይነት ሌንስ ነው። ገዢ ለዚህ ሌንስ የሚሰጠው ዋጋ አዲስ ካሜራ ለመግዛት ብዙ አይረዳም፤ ነገር ግን አዲስ የ105 ሌንስ በምትኩ ልግዛ ያለ ሰው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ሽያጩ በሒሳብ መንገድ እንኳ ቢታይ ኪሳራ ነው።

አሁን ባለቤትየው ሊሄዱባቸው የሚችሉ መንገዶችን እንመልከት። አንደኛው መንገድ በዚያው በኤፍ መግጠሚያ የተሠራ፣ መስተዋት ያለው፣ ከፍ ያለ ቦዲ መግዛት ነው፤ በ2014 የወጣው ዲ750፣ በ2017 የወጣው ዲ850፣ ወይም በ2020 የወጣው ዲ780 ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱም ዘንግም ኤአይ ብረትም አላቸው። የ50ው በራሱ ያጠራል፤ የአባትየው ሌንስም ብርሃኑ ይለካለታል። ሌላ ተጨማሪ ዕቃ አያስፈልግም። ጉድለቱ ኒኮን ከ2020 ወዲህ በዚህ መግጠሚያ አዲስ ካሜራ አለማውጣቱ ነው፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ጥሩ ሆኖ ሳለ መጨረሻው የሚታይ መንገድ ነው። ዳግመኛም በእነዚህ ካሜራዎች መመልከቻ ውስጥ በእጅ ማጥራት ዐይኑ ለደከመ ሰው ያስቸግራል። መመልከቻው በራሱ ለሚያጠራ ሌንስ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ነውና፣ በጠባቡ ላይ የምትበራውን ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ እየጠበቁ ከመገመት በቀር መንገድ የለም።

ሁለተኛው መንገድ መስተዋት አልባው ነው። ኒኮን በ2018 «ዜድ» የተባለ አዲስ መግጠሚያ አውጥቷል። አንባቢያችን «ታዲያ የድሮው ሌንስ እንዴት ይገባበታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገሩ የርቀት ነገር ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ተሰብስቦ ጥርት ያለ ሥዕል የሚሠራው ከመግጠሚያው በተወሰነ ርቀት ላይ ነው። ለኤፍ ሌንስ ይህ ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ በመካከሉ ወደ ላይ የሚዘለው መስተዋት ቦታ ያሻው ነበርና። መስተዋቱ ሲወጣ አዲሱ ካሜራ ቀጠነ፤ በዜድ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 16 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። እንግዲህ የጎደለውን 30.5 ሚሊሜትር የሚሞላ ባዶ ቀለበት በመካከል ቢገባ፣ አሮጌው ሌንስ ከጥንት ቦታው ላይ እንደ ተቀመጠ ያህል ነው። ይህ ቀለበት አዳፕተር ይባላል፤ የኒኮን «ኤፍቲዜድ» ነው። በውስጡ መስተዋት የለበትም፤ ስለዚህ ሥዕሉን አያበላሽም።

በዚህ ሕግ ከረጅም ርቀት ሌንስ ወደ አጭር ርቀት ካሜራ መሻገር ይቻላል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ካኖን በ1987 መግጠሚያውን ሲለውጥ የአሮጌው «ኤፍዲ» ሌንስ ርቀት 42 ሚሊሜትር፣ የአዲሱ ካሜራ 44 ነበረ። ቀለበት ማስገባት ሌንሱን ይበልጥ ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። ያን ሌንስ በዚያ ካሜራ ላይ ያለ ማረሚያ መስተዋት የጫነ ሰው በቅርብ ያለውን ፊት ያነሣል፤ የእንጦጦን ተራራ ላንሣ ቢል ግን ተራራው በጉም እንደ ተሸፈነ ሆኖ ይወጣበታል። በ2018 ካኖን 20 ሚሊሜትር ብቻ የሆነውን የ«አርኤፍ» ካሜራ ባወጣ ጊዜ ግን፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተተዉት ሌንሶች በተራ ቀለበት እንደገና የሚሠሩ ሆኑ፤ በሣጥን ያኖራቸው ሰው ተጠቀመ። የ«ኢኤፍ» ሌንስ ያላቸው አንባቢዎቻችንም ምንም አይጨነቁ፤ የካኖን አዳፕተር ባዶ ቀለበት ሲሆን ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፣ ሌንሱም በራሱ ማጥራቱን አይተውም። በጀርመኑ ሌይካ ዘንድ ይህ ልማድ ጥንታዊ ነው፤ በ1930ዎቹ ባለ ጥርስ ሆኖ የተሠራው ሌንስ ርቀቱ 28.8 ሚሊሜትር፣ በ1954 የወጣው የ«ኤም» መግጠሚያ 27.8 ስለ ሆነ፣ የ1 ሚሊሜትር ቀለበት ብቻ አግብቶ በ2022 በወጣው ባለ 60 ሜጋፒክስል ኤም11 ላይ መጠቀም ይቻላል። ቀድሞ አስበው ያንን አንድ ሚሊሜትር የተዉ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ወደ ወይዘሮዋ ነገር እንመለስ። በ2020 የወጣውን ዜድ5 የተባለውን ቦዲ ከነአዳፕተሩ ቢገዙ እያንዳንዱ ሌንስ ምን ይሆናል? የአባትየው የ105 ሌንስ ከሁሉ በላይ ይጠቀማል። በዲ90 ላይ ዲዳ የነበረው ብርሃን መለኪያ ይናገርለታል። በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው ሥዕል በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው የልጁን ዐይን ሽፋሽፍት እስኪቈጠር ድረስ አጉልተው ማጥራት ይችላሉ። ካሜራው በውስጡ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስታግሥ መሣሪያ አለው፤ ይህም በ1970ዎቹ ለተሠራው ሌንስ ጭምር ይሠራል። በዚያ ላይ የዲ90 ሴንሰር ከ36 በ24 ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ የሌንሱን ሥዕል መካከሉን ብቻ ቈርጦ ይወስድ ነበር፤ የ105ው እንደ 157፣ የ50ው እንደ 75 ሆኖ ይታይ ነበር። በሙሉው ሴንሰር ላይ ሌንሱ አባትየው ያዩትን ስፋት መልሶ ያሳያል። በጠባብ ቤት ውስጥ ወደ ግድግዳው ሳይጠጉ የክርስትና ልጅን ከነአያቱ ማንሣት ማለት ነው።

የ50ው ሌንስ ግን ይጎዳል። የኤፍቲዜድ አዳፕተር ዘንግ የለውም፤ ስለዚህ ይህ ሌንስ በራሱ ማጥራቱ ይቀራል፣ በእጅ ብቻ ይሠራል። የ18–105ው በራሱ ያጠራል፤ ነገር ግን ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ነውና አዲሱ ካሜራ መካከሉን ብቻ ቈርጦ ወደ 10 ሜጋፒክስል የሚያህል ሥዕል ይሰጣል። የድሮው ዲ90 ከዚሁ ሌንስ 12 ሜጋፒክስል ይሰጥ ነበር! እንግዲህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የቀነሰ ሥዕል የሚያነሣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን በሱቅ ውስጥ አስቀድሞ የሚነግር ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው።

ሦስተኛውን መንገድ፣ ሁሉን ሽጦ ሁሉን መግዛትን፣ ለሥራቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡና በየቀኑ የሚሮጥ ነገር የሚከታተሉ ሰዎች ቢከተሉት አንወቅሳቸውም። ለቤተ ሰብ ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም።

ባለቤትየው የሚሮጡ ልጆችን ማንሣት የሚወዱ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያውን መንገድ፣ የዲ750ን ነገር፣ እንመክራቸው ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው እንደሚያስረዳው ዓመት በዓልና ክርስትና፣ ሠርግና ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚነሡበትን ነው የሚያነሡት፤ መነጽርም ያደርጋሉ። በቤት ውስጥ በትንሽ መብራት ማንሣት የሚፈልጉም ናቸው። የዲ90 የብርሃን ስሜት በተራ ልክ እስከ 3,200 ነበር፤ የዜድ5 እስከ 51,200 ይደርሳል። የመጨረሻው ቁጥር ለማሳያ እንጂ ለሥራ አይደለም፤ ሥዕሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ቢሆንም በመካከሉ ያለው ጥቅም የሻማ ብርሃን ላለበት ክፍል ይበቃል። በእነዚህ ምክንያቶች ለእነርሱ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብለን ፈርደናል። ቦዲውን ያገለገለ ቢገዙ አያፍሩ፤ ብቻ የመዝጊያው ምት ስንት እንደ ደረሰ ሳይጠይቁና ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላቸውና በእርሱ የሚያስመጡ ከሆነ፣ አዳፕተሩን በዚያው ቀን አብሮ እንዲገዛ ይንገሩት፤ ቦዲው መጥቶ ቀለበቱ የቀረ እንደ ሆነ ሌንሱ በሣጥኑ ይሰነብታል።

ከመግዛት በፊት ግን ሌንሱ ራሱ መመርመር አለበት። በሐምሌና በነሐሴ በተዘጋ ቁም ሣጥን፣ ይልቁንም በቆዳ ማኅደር ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ይይዘዋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ በኩል ባትሪ መብራት አብርተው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ በመስተዋቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካዩ ሻጋታ ነው። ጥቂት ከሆነ ባለ እጅ ፈትቶ ያጸዳዋል፤ ብዙ ቆይቶ መስተዋቱን የበላው እንደ ሆነ ግን ጠባሳው አይለቅም። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይጎዳም፤ ስለ እርሱ ብሎ ሌንስ የሚያስፈታ ሰው ከጤናው ላይ በሽታ ይገዛል። የብርሃን መግቢያውን ክንፎች ደግሞ ቀለበቱን እያዞሩ ይዩ፤ ዘይት ካረጠባቸው መጠገን ያሻቸዋል። ከዚያ በኋላ ሌንሱን ከቆዳው ማኅደር አውጥቶ እርጥበት ከሚመጥጥ የሲሊካ ከረጢት ጋራ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ማኖር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከ1977 በፊት የተሠሩ የኒኮን ሌንሶች ካልተስተካከሉ በቀር እንደ ዲ750ና ዲ850 ባሉት ካሜራዎች ላይ አይጫኑ፤ የሌንሱ ቀለበት በመግጠሚያው ዙሪያ ያለውን ያን ትንሽ ብረት ሊሰብረው ይችላል፤ ጥገናውም ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል። የአባትየው ሌንስ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለማወቅ የቀዳዳ ቁጥሮቹን ይመልከቱ፤ በቀለበቱ ላይ ከትልልቁ ቁጥር በታች በመግጠሚያው በኩል ሁለተኛ ረድፍ ትንንሽ ቁጥሮች ካሉ፣ ኤአይ ነው ማለት ነው። ወይዘሮዋ በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ እነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ይታያሉ።

እንግዲህ የሚሸጠው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የ50ው ነው፤ ዘንግ ያለው ካሜራ ለያዘ ወጣት ይጠቅመዋል። ዲ90ና የ18–105ው ሌንስ አብረው እንደ ተፈጠሩ አብረው ይቆዩ፤ የወይዘሮዋ ታናሽ ልጅ ካሜራ ትጠይቅ እንደ ነበር በደብዳቤው ላይ አንብበናልና ለእርሷ ይሰጧት። አዲሱ ቦዲ ሲደርስ የአባትየውን ሌንስ በአዳፕተሩ ላይ አስገብተው፣ በማውጫው ውስጥ ኤሌክትሪክ ለሌላቸው ሌንሶች በተመደበው ቦታ 105 እና 2.5 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ የመንቀጥቀጥ ማስታገሻው በትክክል አይሠራም። ከክርስትናው አንድ ሳምንት በፊት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መብራት ወይዘሮዋን ራሳቸውን አስቀምጠው ጥቂት ይለማመዱ።